በካርታዎ ላይ ክፍት ስለሆነው ጤና ጣቢያችን

ለክቡር የግልጽ መረጃና የዲጂታል አገልግሎት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከነመላ ቤተሰብዎ፣ ከነሠራተኞችዎና ከነኮምፒውተሮችዎ እንደምን ሰነበቱ? አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ጤናዎ በጎደለ ቀን ደግሞ እኛ ቀበሌ አይጣልዎ። ስምዎን ያልጠራሁት ንቄዎት አይደለም፤ ድረ ገጽዎ ላይ ፎቶዎ በየገጹ ሲታይ፣ ስምዎና ስልክዎ ግን «በቅርቡ ይጫናል» ስለሚል ነው። እኔ ዘይኑልአቢዲን አሊ እባላለሁ። ከአምባሰል ግርጌ አርሼ የምኖር፣ በገበያ ቀን ውጫሌ ወርጄ እህል የምሸጥ፣ የቀበሌያችንም ቅሬ ሰብሳቢ ነኝ። ቅሬ ማለት፣ ምናልባት እርስዎ ዘንድ ካልተመዘገበ፣ የሞተውን የሚቀብር፣ የታመመውን በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ጥሪ የሚወጣበት ማኅበራችን ነው።

አንደኛ፣ ስለ አረንጓዴዋ ነጥብ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ከእንግዲህ የመንግሥት ሥራ ሁሉ ግልጽ ይሆናል ተብለን አጨብጭበን ነበር። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣና የጤና ጣቢያችንን አልጋ፣ የመድኃኒቱን ፍሪጅ፣ መስኮቱንና በሩን ይዞ ሄደ። ዛሬ ከደጁ ቆሞ እስከ ጓሮው ማየት ስለሚቻል ግልጽነቱን ማንም አይክድም። ድረ ገጽዎ ላይ ያለው ካርታ ግን በዚያው ቤት ላይ አረንጓዴ ነጥብ አስቀምጦ «ሙሉ በሙሉ የተጠገነ፣ ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ» ይላል። ሰው ሳይልኩ፣ ሚስማር ሳያስመቱ ማዋለጃ ክፍል ስለሠሩልን እጅ ነስተናል።

ሁለተኛ፣ ካርታዎ እኛም መንደር ድረስ እንደሚነበብ ላበሥርዎ። ባለፈው መስከረም ልጄን ሱረያን ምጥ ያዛት። ቅሬው ተጠራ፣ ቃሬዛው ወጣ። የእኛ ወግ እንዲህ ነው፦ ተሸካሚዎች ከመንታ መንገዱ ሲደርሱ ቃሬዛውን ያሳርፋሉ፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ጎረቤታችን ቄሱም በበኩላቸው ይጸልያሉ፣ ከዚያ ወዴት እንደሚኬድ ተመካክረን እንነሳለን። ከጦርነቱ ወዲህ ምክክሩ አጭር ነበር፤ የቀኙ መንገድ ወደ ባዶው ጤና ጣቢያ ስለሆነ በግራው ወደ አስፋልቱ ወርደን መኪና ለምነን ሐይቅ ከተማ ወዳለው ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ያን ቀን ግን ወቅቱ የግሸን ንግሥ ነበረና መኪናው ሁሉ ተጓዥ ለማመላለስ ሄዷል። ይህን ስንነጋገር የሱረያ ባል ወንድም ዑበይዱላህ፣ ከሳዑዲ ከተመለሰ ገና ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ስልኩን አውጥቶ ካርታዎን ከፈተ። «አብሽሩ፣ ተጠግኗል፤ ይኸው የመንግሥት ነው ያለው፣ ወላሂ ክፍት ነው» አለን። እኛም የመንግሥትን ቃል አምነን ቃሬዛውን ወደ ቀኝ አዞርን።

ክቡርነትዎ፣ በሩ በነበረበት በኩል ስንገባ የተቀበሉን ፍየሎች ነበሩ። ወደ አስፋልቱ ለመመለስ ጊዜ አልነበረም። ሱረያ በረንዳው ላይ ወለደች፤ ባለቤቴ አሚናት በነጠላዋ ተቀበለችው፤ ወንድ ነበር፤ አልተነፈሰም። ከዚያ ደሟ ሲፈስ ወደ መንታ መንገዱ የሚመልሰውን ዳገት ተሸክመናት ወጣን፤ ከአስፋልቱ አንድ የጭነት መኪና አዘነልንና ሐይቅ ደርሳ ሐኪሞቹ እሷን አተረፉልን። በማን ትዕዛዝ ወደ ቀኝ እንደዞርን እስካሁን ትጠይቀኛለች።

ሦስተኛ፣ ስለ መስተንግዶዎ። ነጥቧ እንድትነሳ ልለምን ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ አንድ ጨዋ ባለሙያ ወንበር ሰጥቶ አስረዳኝ። ጥገናው ተጠናቋል የሚል ሪፖርት ከላይ ስለገባ ነጥቧ አረንጓዴ ሆናለች። ወደ ቀይ የምትለወጠው ጤና ጣቢያው ራሱ አልሠራም ብሎ በራሱ ኮምፒውተር ሲያመለክት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ከአልጋው ጋር ሄዷል ስለው፣ እንግዲያስ ለአዲስ ኮምፒውተር ማመልከት ይቻላል፣ ግን በደንብ ለሚሠራ ጤና ጣቢያ አዲስ ዕቃ አይፈቀድም አለኝ። ለጥገና ከሚታሰቡትም የወጣነው በዚያችው ነጥብ ምክንያት ነው። ይህን ሁሉ ያለ አንዳች ቁጣ ነገረኝ። ያላበደው ደመወዙ ጥሩ ቢሆን ነው ብዬ ወጣሁ።

አራተኛ፣ እንኳን ደስ አልዎት። አዲሱ የግልጽነት ጥናት ደሴ ላይ ሲመረቅ በስልክ ተመልክቻለሁ። አካባቢያችን መረጃን ለሕዝብ ክፍት በማድረግ አንደኛ መውጣቱን ሲያበሥሩ፣ ከኋላዎ በትልቁ የበራው ካርታ ላይ የእኛን ነጥብ ለይቼ አየኋት። አዳራሹ ሲያጨበጭብልዎ አሚናት ስልኩን ከእጄ ቀምታ አጠፋችው። ጥናቱን ያጠኑት ሊቃውንት ካርታው መከፈቱን እንጂ ቤቱ መከፈቱን የሚጠይቅ ጥያቄ አላዘጋጁም ይሆናል፤ አልፈርድባቸውም፣ መንገዱ ለመኪና አይመችም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። ታናሿ ልጄ ሰሚሃ ወሯ ገብቷል። ካርታዎን የሚያምነው እኔ ብቻ ብሆን ዝም ባልኩ ነበር፤ ነገር ግን ባሏ ወዲያ ማዶ ካለ ሌላ ቅሬ ነው፣ የእነሱም ልጆች ስልክ አላቸው፣ እኔም በዚያች ሰዓት ከመንታ መንገዱ ቆሜ አልጠብቅ ይሆናል። ስለዚህ አልጋ አልጠይቅዎም፣ አዋላጅ አልጠይቅዎም፣ በሩንም ይተዉት። ያቺን ነጥብ ብቻ ያንሱልን። የሌለ ነገር የለም ተብሎ ቢጻፍ የእኛ ሰው በግራ መሄድ ያውቅበታል።

ከሹመት ወደ ሹመት፣ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ በሰላም ያመላልስዎ እያልኩ፣ መብራትና ኔትወርክ በተገናኙ ቀን ይህ ጽሑፍ እንዲደርስዎ በመመኘት፣ በአረንጓዴ ነጥብዎ ሥር የምኖር ታዛዥዎ፣

ዘይኑልአቢዲን አሊ
አምባሰል

በድጋሚ፦ ከጽሕፈት ቤትዎ አንዲት ትሑት ልጅ ደውላ በመስከረም ለመውለድ ወደ ጤና ጣቢያው የመጣች እናት እንደነበረች ጠይቃኝ ነበር። አዎ፣ አንዲት መጥታለች አልኳት፤ የቀረውን ልነግራት ስጀምር አመስግናኝ ዘጋችው። በዚህ ሳምንት ዑበይዱላህ ካርታዎን ሲያሳየኝ ከነጥቧ ሥር «በመስከረም አገልግሎት ያገኙ ወላዶች፦ አንድ» ተብሎ ተጽፏል። አንዷ ሱረያ ናት። ልጇን የቀበርነው ከዚያው ቤት በስተጀርባ ነው። ሰሚሃን ሁለተኛ እንዳያደርጉብኝ።