የባለቤቴ መቃብር ከሰባተኛው ጉድጓድ መንገድ ይነሳ ስለመባሉ

ለክቡር አቶ ሳካኪባራ፣ የኦቦሮዳኬ ጎልፍ ክበብ ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ፣ በተለይም ከኳስ ጋር የሚጣሉበት ቀኝ ትከሻዎ ደህና እንዲሆንልኝ እየተመኘሁ፣ ከተራራው ሥር የምኖረው ሽማግሌ ቶኩጂ ኒሺዋኪ በትህትና እጅ እነሳለሁ። «የሙታን በዓል ሳይደርስ የባለቤትዎን መቃብር ያንሱልን» የሚለው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ወረቀቱ ወፍራምና ያማረ ነው፤ ባለቤቴ ኪኑኤ በሕይወት ብትኖር የተቀደደውን የወረቀት መስኮታችንን ትለጥፍበት ነበር።

አንደኛ፤ መንደሩ ተራራውን ሲሸጥላችሁ እኔ ሁለት ሰሌን የምታህለዋን የመቃብር ቦታ አልሸጥኩም። እናንተም በደግነታችሁ ዙሪያዋን ሁሉ ሣር አለበሳችሁልኝ። ዛሬ ሚስቴን ለመጎብኘት ፈቃድ ጠይቄ፣ ኳስ እንዳይፈነክተኝ ቢጫ ሄልሜት ደፍቼ እሄዳለሁ። በትዳራችን ዘመን እንኳ እንዲህ ተጠንቅቄ ቀርቤያት አላውቅም።

ሁለተኛ፤ በጨዋታ ደንባችሁ መቃብሯ «የማይንቀሳቀስ መሰናክል» ተብሏል፤ ኳሱ እሷ ዘንድ ያረፈበት ሰው ያለ ቅጣት ኳሱን ፈቀቅ ያደርጋል። አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁና ስያሜው ትክክል መሆኑን እመሰክራለሁ። በራሳችሁ ደንብ የማትንቀሳቀሰውን ሴት እኔ እንዳንቀሳቅስ መለመናችሁ ግን አልገባኝም። እኔማ ከምድጃው አጠገብ እንኳ ፈቀቅ ላደርጋት አልቻልኩም ነበር።

ሦስተኛ፤ «የተጫዋቾችን መንፈስ ትረብሻለች» ብላችኋል። የኪኑኤ ታናሽ እህት ፉሳኤ የእንግዶቻችሁ የጎልፍ ዱላ ተሸካሚ ናትና ያየችውን ነግራኛለች። ባለፈው እሑድ የአንድ ወፍራም ጌታ ኳስ ከመቃብሯ ድንጋይ ሥር ገባ።

«የማን ነው ይሄ ደግሞ?» አሏት።

«የእህቴ ነው፣ ጌታዬ። አይዞዎት፣ ምንም አትልም።»

እጃቸውን አጋጥመው አጎነበሱ። ከዚያም እኔ ጠዋት የለኮስኩትን የዕጣን ጢስ ትኩር ብለው አዩና፣ «ነፋሱ ከግራ ነው፤ ሰባት ቁጥሩን ዱላ ስጪኝ» አሉ።

«እህቴን ያመስግኗት እንጂ» ብላ ሰጠቻቸው።

አሁን ሁሉም ጢሱን እያየ ነው የሚመታው አሉ። ሚስቴን ከሞተች በኋላም ሥራ ስላላሳጣችኋት አመሰግናለሁ።

በአንድ ምት ኳስ ጉድጓድ ያስገቡት አባላችሁ የተከሉት የመታሰቢያ የቼሪ ዛፍ ግን ስማቸውን ለጥፎ፣ በገመድ ታጥሮ ቆሟል፤ እሱን ያንሱ ያለ የለም። ለካ አንድ የዕድል ምት ከአንዲት ሴት ዕድሜ ይበልጣል።

በከተማ ያዘጋጃችሁላት ማረፊያ ደግሞ፣ ካርድ ሲያስነኩት የአጽሙ ሣጥን በማሽን ተገፍቶ የሚመጣበት ሕንፃ ነው አሉ። ስጠራት የምትመጣ ኪኑኤን እኔ አላውቃትም። እሷ ከዚህ ተራራ ወርዳ ያደረችው ሆስፒታል ብቻ ነው፤ እዚያም «ቤቴ ውሰደኝ» ትለኝ ነበር። ወስጃታለሁ። ዳግመኛ አላወርዳትም።

ሄልሜቴን አውልቄ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ የምሰናበትዎ፣ የሣርዎ አክባሪ ጎረቤት፣

ቶኩጂ ኒሺዋኪ

ማሳሰቢያ፦ በድንጋዩ ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍ የተጫዋቾቻችሁን ዓይን እንደሚወጋ ሰምቻለሁ። ከኪኑኤ ጎን የተቀረጸ የእኔ ስም ነው፤ ቀይ የተቀባውም ገና ስላልሞትኩ ነው። የምገባ ዕለት ቀለሙ ይታጠባል። ታዲያ ትናንት ሐኪሜ «ልብዎ እንደ ጎልማሳ ልብ ይመታል» ብሎኛል፤ እባክዎ መርዶውን ለአባላትዎ ያድርሱልኝ።