አዲስ ወይስ ተመላላሽ?

ጥቅምት 4፣ እሁድ

በታላቅ ሐዘን እገልጻለሁ፦ ለሦስት ዓመት በታማኝነት ያገለገለኝ የቀኝ እግር ነጠላ ጫማዬ ዛሬ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ በድንገት ተበጥሶ አርፏል። የግራው ተርፏል። ብቻውን ምን እንደሚሆን እንጃ…

ሌላ ወሬ፦ አማቴ እንደ እሁድ ልማዳቸው ደወሉ። ስፒከር ላይ አደረግኩት።

"አሁንስ ምንም የለም?"

"ምንም የለም፣ እማማ።"

"እኛ ዘንድ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም…"

ባለቤቴ አጠገቤ ብርቱካን ይልጣል። ልጣጩ ሳይበጠስ ዙሪያውን ወረደ። ጎበዝ!

ለመዝገብ ያህል፦ ትዳር፣ ስድስት ዓመት። ክሊኒክ፣ አራት ዓመት። ልጅ፣ ዜሮ። ችግሩ የእኔ ነው። ባለቤቴ ለራሱ ምርመራ የክሊኒክ ደጅ ረግጦ አያውቅም። መርፌ ይፈራል፣ ምስኪን።

ጥቅምት 7

አዲስ ስፔሻሊስት። ካርዴን አገላበጠ። ወፍራም ነው፤ ትራስ ይወጣዋል። ማህፀኔ ውስጥ ቀለም ረጭተው ያነሱት ራጅ፣ የሆርሞን መርፌ፣ እንደገና ቀለም፣ እንደገና ራጅ… የቀረው ኦፕራሲዮን ነው። በካሜራ ገብተው ሊያዩ።

"ባለቤትዎ ተመርምረዋል?"

"ሥራ በዝቶበት…" የበፊቶቹም ሐኪሞች ጠይቀውኛል። መልሱ አፌ ላይ ነው፤ አራት ዓመት ተለማምጄዋለሁ።

መነጽሩን አወለቀ። "የእርሳቸው ውጤት ሳይመጣ የእርስዎን ሆድ አልነካም። በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነገር ነው። መርፌ እንኳ የለውም።"

መርፌ እንኳ የለውም።

ጥቅምት 8

ለባለቤቴ ነገርኩት።

"እኛ ቤት ሰባት ልጆች ነን። አባቴን ማን መረመረው?"

"አባትህን አላገባሁም።"

ሁለት ሰዓት አኮረፈ። ከዚያ፦ "እሺ፣ ላንቺ ስል።" ለእኔ ሲል! ሐውልት ይቁምለት።

ጥቅምት 12

ዛሬ አልጽፍም።

ጥቅምት 13

እጽፋለሁ።

ትናንት ካርድ ክፍል፣ ከባለቤቴ ጋር። ልጅቷ ማስቲካ ታኝካለች።

"አዲስ ናቸው ወይስ ተመላላሽ?"

"አዲስ ነኝ" አለ፣ ፈጠን ብሎ።

"ስልክ ቁጥር?"

ሰጣት። የራሱን፣ ትክክለኛውን! ሰው ለመዋሸት መጥቶ እውነተኛ ስልኩን ይሰጣል? ልጅቷ ኮምፒውተሩን አየች። ማኘኳን አቆመች።

"ጋሼ፣ ካርድ አለዎት እኮ። ከሦስት ዓመት በፊት ተመርምረዋል። ውጤትም ወስደዋል።"

"ስህተት ነው። የስም መመሳሰል ይሆናል።"

የጋዜጣ አራሚ ነኝ፤ ስህተት ሳይ አውቃለሁ። ከፋይሉ ውስጥ ውጤት የተረከበበት ወረቀት ወጣ። ያቺ እንደ ትል የምትንፏቀቅ ፊርማ። ጋብቻ ወረቀታችን ላይ ያለችው።

ዶክተሩ አነበበው። የዘር ሕዋሱ ቁጥር በጣም ዝቅተኛ። "ይታከማል። ግን ያን ጊዜ ጀምረው ቢሆን…" ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር።

ኮሪደር ላይ፦

"አፍሬ ነው…"

"አምና ቀለሙን እንደገና ሲረጩብኝ በር ላይ ቆመህ ነበር። ስጮህ ሰምተሃል?"

"…ሰምቻለሁ።"

ሰምቷል። ከዚያ ቤት ገብቶ ብርቱካን ልጧል።

ጥቅምት 17

ኦፕራሲዮኑ ቀርቷል። ባለቤቴ ለዕርቅ አዲስ ነጠላ ጫማ ገዝቶ መጣ። ቁጥር አርባ። እግሬ ሠላሳ ሰባት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፦ ለእናትህ ራስህ ንገራቸው። እሁድ። ስፒከር ላይ።

ጥቅምት 18፣ እሁድ

አማቴ ደወሉ። ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት ገባ። ሃያ አምስት ደቂቃ።

ጥቅምት 25፣ እሁድ

የመታጠቢያ ቤቱን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ስልኩ ጮኸ።

"አሁንስ ምንም የለም?"

ብርቱካኑን ከባለቤቴ እጅ ወሰድኩ።

"እማዬ… ችግሩ የኔ ነው። ካወቅኩ ሦስት ዓመቴ።"

አማቴ በሹክሹክታ፦ "በሞቴ ልጄ፣ ይሄን ለሰው እንዳትናገሩ!"

አራት ዓመት ሙሉ የእኔ ማህፀን የሰፈሩ ሁሉ አጀንዳ ነበር። የልጃቸው ጉዳይ በአንድ ደቂቃ የመንግሥት ምስጢር ሆነ!

"እማማ፣ ስለኔ የነገሯቸውን ሰዎች ያስታውሷቸዋል? ለነሱው ይደውሉላቸው።"

ዘጋሁት።

ሕክምናው ነገ ይጀምራል። የእሱ። ወረፋ ራሱ ይይዛል፤ ሲጠየቅ "ተመላላሽ ነኝ" ይላል። እኔ አብሬው እቀጥል እንደሆነ አልወሰንኩም። ይህንንም ነግሬዋለሁ። አለቀሰ። ይልቀስ።

እርማት፦ በጥቅምት 4 ማስታወሻ "ችግሩ የእኔ ነው" እንዲሁም "ባለቤቴ ለራሱ ምርመራ የክሊኒክ ደጅ ረግጦ አያውቅም" ተብሎ የሰፈረው ስህተት ነው። ደጁን ረግጧል፤ ፈርሞም ወጥቷል። ለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ የምትጠይቀው አራሚዋ አይደለችም።