ከከረጢቱ ጋር የሰጠሁት ማንኪያ

ውድ ሽንኩርቴ፣

ይህን ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ፤ ዛሬ የምጽፍልሽም በዚሁ ስም ምክንያት ነው።

ከላቦራቶሪ ለምሳ የመጣሽበትን ያን ቀን ታስታውሻለሽ? ገና በር ላይ ሳለሽ እናታችን አፍንጫዋን ይዛ፣ «የእኔን ምግብ ንቀሽ የት ነጭ ሽንኩርት ስትበዪ ዋልሽ?» አለችሽ። አልበላሁም ብለሽ ማልሽ። የላቦራቶሪው አየር መሳቢያ ደክሞ ኖሮ የምትሠሪበትን ንጥረ ነገር፣ የቴሉሪየምን ትነት ስበሻል፤ ሰውነት ደግሞ እሱን በነጭ ሽንኩርት ሽታ ይተነፍሰዋል አልሽን። ማን ሰማሽ!

«ጋሼ፣ አትሳቅ» አልሽኝ። «ኢንዛይም በሴል ውስጥ ያለ ሠራተኛ ነው በል። አንዳንዱ ሠራተኛ ሴሊኒየም የሚባለውን ማዕድን ካልያዘ መሥራት አይችልም። ሴሊኒየም ሲበዛ ግን የሌሎቹንም እጅ ያስራል። ቴሉሪየም ደግሞ ዘመድ መስሎ ገብቶ ሥራ ያስፈታል። ሁለቱም ሲበዙ ትንፋሽ ላይ ያስታውቃሉ።»

እኔ ግን የዚያን ዕለት ማስታወሻዬ ላይ «ይቺ ልጅ ይህን ትታ የእኔ የመኖ ሱቅ ብትገባ ይሻላት ነበር» ብዬ ጻፍኩ።

አሁን የእኔን ጉድ ስሚ። ዘንድሮ ከመኖው ጋር ሴሊኒየም ያለበት የማዕድን ዱቄት አመጣሁ። ደንበኛ ደስ ይበለው ብዬ በየከረጢቱ አንገት ላይ የምታብረቀርቅ ማንኪያ በነፃ አሰርኩ። ባለፈው ወር አንድ በግ አርቢ ሽማግሌ ገቡና፣ «አንተ፣ ምንድን ነው የሸጥክልኝ? በጎቼ ሳይታረዱ ተቀመሙ እኮ! ትንፋሻቸው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል» አሉ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም፤ አንቺ በር ላይ ቆመሽ ታየሽኝ።

«አባባ፣ ለአንዱ በግ ስንት ይሰጣሉ?»

«አንድ። በሰጠኸኝ ማንኪያ።»

ከረጢቱ ላይ የተጻፈው አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። እኔ ያሰርኩት የሾርባ ማንኪያ ነበር።

የእንስሳት ሐኪም ይዤ በረርኩ። «ዛሬውኑ አቁሙ። ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር» አለን። ሱቁን ሁለት ቀን ዘግቼ ቤት ለቤት እየዞርኩ ማንኪያ ለቀምኩ። ከሠላሳ ሁለቱ ሠላሳ አንዱ ተመለሰ። አንዲት እናት ብቻ፣ «ከረጢቱን ገና አልከፈትኩትም፤ ማንኪያዋን ግን አልመልስም፣ ልጆቼ ሾርባ ለምደውባታል» አሉኝ። የሻይ ማንኪያ ጨምሬላቸው መጣሁ።

ትናንት ሽማግሌው አንዱን በግ እየጎተቱ ሱቅ ድረስ አመጡና፣ «በል አሽትት!» አሉኝ። ደንበኛ ሁሉ እያየኝ ተንበርክኬ አሸተትኩ። ሣር ብቻ።

ያን ማስታወሻዬን ሰርዤዋለሁ። ሥራሽን እንዳትተዪ። የላቦራቶሪው አየር መሳቢያ ሳይሠራ ግን እንዳትገቢ። ስትመጪ እናታችን በር ላይ ብታሸትሽ አትቀየሚያት፤ ያዘዝኳት እኔ ነኝ።

ያንቺው፣
በግ የሚያሸተው ጋሼሽ