ኪዳንና ክዳን፦ የጣሪያ ሠሪው የአባ ክዳን የሕይወት ታሪክ

ሁላችሁም አባ ክዳን የምትሏቸው ባለቤቴ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የተወለዱት ነፋስ የወፍጮ ቤቱን ጣሪያ ነቅሎ ወንዝ ማዶ በጣለበት ዓመት ነው። ቀኑን የጻፈ ሰው የለም። በእኛ ሰፈር ዕድሜ የሚቆጠረው በወጀብ ነው፤ በዚያ ከቆጠርን ሰባ ሁለት ዓመት ኖረዋል። እሳቸው ግን ሰባ ሞልቶኝ አያውቅም ይሉ ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የዚህ ጽሑፍ ቃሉ የእኔ ነው፣ እጁ የልጃችን ነው።

ትምህርታቸውን እስከ አራተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በአራተኛ ክፍል ሳሉ ወጀብ የክፍላቸውን ጣሪያ ወሰደው። ሠራተኞች መጥተው ሲጠግኑ እሳቸው ውጭ ቆመው ያዩ ነበር። አስተማሪያቸው ቢጠሯቸው “መጣሁ” እንዳሉ ቀሩ።

በአሥራ አምስት ዓመታቸው ቆርቆሮ መሸከም፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ራሳቸውን ችለው ጣሪያ መምታት ጀመሩ። በሃያ አራት ዓመታቸው እኔን አገቡ። አባቴ “ልጄን የት ልታስገባት ነው?” ብለው ቢጠይቋቸው “በማያፈስ ቤት” ብለው ቃል ኪዳን ገቡ። ሠርጉ ሲደርስ ባለ ሁለት ክፍሉን ቤታችንን በሦስት ቀን ጥድፍ ጥድፍ ብለው ከደኑት።

በመጀመሪያው ወጀብ ውኃው ትራሴ ላይ ወረደ። አልጋውን አዞርን፣ ባልዲ ደቀንን። “ነገ አስተካክለዋለሁ” አሉ። ያ ነገ አርባ ስምንት ዓመት ፈጀ።

ሥራ ጠልተው አይደለም። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሰው በራችንን ይደበድባል። ሲበሉ ይጠሯቸዋል፣ ሲታጠቡ ይጠሯቸዋል። አንድ ቀን ጺማቸውን በግማሽ ተላጭተው ወጥተው፣ በዚያው ፊታቸው የሦስት ቤት ጣሪያ ጠግነው ገቡ። ያን ቀን ልብስ ሳሰጣ “ለእኔ ኪዳን፣ ለጎረቤት ክዳን!” አልኩ። ጎረቤት ሰማ፤ ስሙ ከዚያ ወጣ። እኔ ስድብ ብዬ ያወጣሁትን እሳቸው ሹመት አደረጉት።

አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወልደን አሳድገናል። ወንዱ ሾፌር ሆኗል። ሴቷ በአሥራ ሰባት ዓመቷ የአባቷን መዶሻ ይዛ መሰላል ወጣች። ሴት ጣሪያ ላይ ምን ትሠራለች ያሉ ነበሩ፤ የእነሱ ጣሪያ ሲነቀል ዝም አሉ።

አባ ክዳን ከልጃችን ሌላ ሰባት ሰዎች አስተምረዋል። ለሁሉም የሚነግሩት አንድ ነገር ነበር፤ ቆርቆሮ ሲደራረብ ጫፉ ወደ ነፋሱ አይዞርም፤ ከዞረ ነፋስ ጣቱን ሰዶ ይገልጠዋል። ይህን የሳተ ተማሪ ወዮለት።

አምና ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሙ መሰላል መውጣት ከለከላቸው። በቅርቡ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሁለታችን በቀር ማንም በሌለበት አንገታቸውን ደፍተው “አንቺ፣ ጣሪያችንን ገልብጬ ነው የመታሁት” አሉኝ። በሠርጉ ጥድፊያ ከተሳሳተው ጫፍ ጀምረው፣ መደራረቢያው ሁሉ ወደ ነፋሱ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። አፍርሰው እንዳይሠሩት ሰው አይቶ ይስቅብኛል ብለው ፈሩ።

“አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ እኔ ስረጥብስ የሚያይ ሰው አልነበረም?” አልኳቸው።

የወጀቡ ወቅት ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እሳቸውም ከዚያ በላይ ብዙ እንደማይቆዩ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። በማግሥቱ ሰባቱንም አስጠርተው በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛው እያየ፣ ጣሪያውን አስወረዱት። ወንበር ላይ ተቀምጠው ስህተቱን በጣታቸው አሳዩ። “ያስተማርኳችሁን ነገር እኔ የተማርኩት እዚህ ቤት ላይ ተሳስቼ ነው” አሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ “እኔንኮ በዚሁ ጥፋት ሦስት ቀን ቆርቆሮ አሸክመውኛል!” ቢላቸው፣ “ደግ አደረግሁ፤ ይኸው አልረሳኸውም” አሉት። የሳቀው እሱ ብቻ ነበር፤ ኋላ እሳቸውም ሳቁ።

ሚስማሩን የመታችው ልጃችን ናት። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እንጨት ያላገኘ ሚስማር ድምፁ ሌላ ነው። “ባዶ ነው፣ ንቀይው!” አሏት። “አባዬ፣ ይዟል እኮ!” አለች። ስትነቅለው ጫፉ አየር ላይ ነበር። ሁለተኛ አልተከራከረችም።

ወጀቡ ጣሪያው ካለቀ በአሥራ አንደኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ መጣ። ጣሪያው አጓራ እንጂ አልተንኳኳም። እኔ በልማድ ባልዲውን ከአልጋቸው አጠገብ አስቀምጬ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ሲያባራ “እስቲ አዘንብለሽ አሳዪኝ” አሉኝ። አሳየኋቸው፤ ታቹ አቧራ ነበር።

“ይኸው፣ ለአባትሽ ንገሪልኝ” አሉ። አባቴ ካለፉ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል።

“አንተ ትቀድመኛለህ፣ ራስህ ንገራቸው” አልኳቸው።

እውነትም ቀደሙኝ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ረፋድ፣ እኔና ልጃችን እጃቸውን ይዘን፣ በደረቅ አልጋ ላይ ዐረፉ። ከኋላቸው እኔን ሚስታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንዲት ታናሽ እህታቸውንና ዛሬ ሣጥናቸውን የተሸከሙትን ሰባት ተማሪዎቻቸውን ትተዋል። መዶሻቸው ልጃቸው ዘንድ ነው፤ የሚፈልጋት ሰው ምሳዋን እስክትጨርስ ይታገሥ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ወጀብ በማይደርስበት ቤት ያሳርፍልን። እዚያም የሚያፈስ ጣሪያ ካለ ሌላ ሰው ይጠራ፤ አባ ክዳን ሥራቸውን ጨርሰዋል።