ያበበው የድንበር ቃጫ

ቁሐር ሚካኤል
ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናፍቆት አባት፣ ለአንለይ፤

እንደምን ከርመሃል? የፓዊ ሙቀት እንዴት ያደርግሃል? እኔና ልጅህ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልኬን ስለማታነሳ ወረታ ድረስ ሄጄ ይህን ወረቀት ፓዊ ለሚመላለሰው ሾፌር ለበላይነህ ሰጥቼዋለሁ። በኋላ አልደረሰኝም እንዳትል እሱ ፊት አንብበው።

በተጋባን ዓመት ከወንድምህ ከቻላቸው ማሳ ጋር በሚያዋስነን ድንበር ላይ የተከልከው ቃጫ አበበ። ሰኔ ላይ ከመሀሉ አንድ ዘንግ ወጣ፤ መስከረም ሲጠባ ከመብራት ምሰሶው ሊተካከል ምንም አልቀረው። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ፤ ንቡ ሲሰፍርበት ቆሜ አይ ነበር። ጥቅምት ሲያልቅ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይተኛ ጀመር። ጠምቶት ነው ብዬ የሽንኩርቴን ውሃ ጠለፍኩለት፤ ፍግም አለበስኩት። ባጠጣሁት ቁጥር ይብስበታል! ሽንኩርቴም በመሀል ጠወለገ።

ባለፈው የግብርና ባለሙያዋ ምኞት መጥታ አየችኝና ሳቀች።

«እትዬ ሰርክ፣ አይድከሙ። ቃጫ እኮ አንዴ ነው የሚያብበው። ካበበ ይሞታል፤ የሚተካው ከሥሩ በሚበቅሉት ልጆቹ ነው።»

«ታዲያ ደጄ ያለው ሬት በየዓመቱ እያበበ እንዴት ይኖራል?» አልኳት።

«ሬት ሌላ ነው፤ ቢያብብም አይሞትም።»

ሁለቱም ወፍራም ቅጠል፣ ሁለቱም ውሃ ቋጣሪ፤ እኔ በምን ልለያቸው? ይህን ያህል ጊዜ ለሬሳ ውሃ ስመልስ ይህ ሁሉ ጎረቤት ዝም ብሎ ያየኛል። እንዴት እንደተናደድኩ ልነግርህ አልችልም።

ቻላቸው ግን ጊዜ አገኘ። ከቃጫው ሥር ከበቀሉት ልጆች በእሱ በኩል ያሉትን ነቅሎ ጣለ፤ ወደኛ ማሳ ዘልቀው የወጡትን ተወ። «ድንበሩ አረንጓዴው ያለበት ነው» ይላል። የድንበሩ ገመድ የሚወጠረው ከእናትየው ቃጫ እስከ ቦዩ መሆኑን አንተ ታውቃለህ። እሱ ከተዋቸው ልጆች ከተወጠረ ግን ጥሩው የሩዝ መሬታችን ሄደ ማለት ነው። የመሬት ደብተሩም «አዋሳኝ ቻላቸው» ከማለት በቀር የሚለው የለም።

ሽማግሌዎቹ የካቲት 13፣ በሚካኤል ማግስት፣ ማሳው ላይ ይቀመጣሉ። «የተከለው ሰው ቆሞ ያሳየን» ብለዋል። ጉድጓዱን አብሬህ ቆፍሬ የእኔ ቃል አልበቃቸውም።

አንለይ፣ ያኔ ከእኔና ከወንድምህ ጠብ መሀል አልገባም ብለህ ነው የሄድከው። ይኸው ሦስት ዓመት አልገባህም። አሁን ግን ና፤ ቦታውን በጣትህ አሳይ። ማደር ካልፈለግህ በዕለቱ ተመለስ፤ አልይዝህም።

ናፍቆት ሰላም ብላሃለች። ቁመቷ እኔን ደርሷል። ቅዱስ ሚካኤል መንገድህን ያቅናልህ፤ ከክፉ ይሰውርህ።

ቻላቸው ሽማግሌዎቹ ፊት «ባል የሌላት ሴት» አለኝ። «አለኝ፤ ለሥራ ሄዶ ነው» ብዬ መለስኩለት። ሦስት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። እባክህ ውሸታም አታድርገኝ።

የናፍቆት እናት፣
ሰርክ