ለእንጨት ተዝካር

ለልጄ ለእንዳለው፣ ካርቱም።

የቡሬዋ ማርያም ባለህበት ከክፉ ትሰውርህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቦራዋም ላም ወልዳለች። ንዴቴ ግን አልበርድ ብሏል።

ጣሊያን ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ጥድ ቆርጦ የስልክ እንጨት አቆመ። ጭራሮ እንኳ ለምድጃችን ያልለቀምንበትን ጥድ! የአገራችን ጎበዞች አምስቱን እንጨት ጥለው፣ ተሸክመው ወደ ቅጥሩ መለሷቸው። ሰው አልነኩም። ጣሊያን በዚህ ሰበብ ሰባት ቤት አቃጠለ፤ ከአልጋ የማይነሡት እማሆይ ጥሩዬ ከነቤታቸው ነደዱ።

ጣሊያን ዳኛ ያደረገው አጎትህ ረዳ ለቅሶው ላይ ተቀምጦ፣ «እንጨት መጣሉም ግፍ ነው፤ ይህም ግፍ ነው» አይልም መሰለህ! ወንድሜ ነው ብዬ አልተውኩትም። «እንግዲያው ለእንጨቱም ተዝካር አውጣለት!» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ይህን የሚጽፉልኝ መሪጌታ ዘሩ፣ «እሜቴ፣ ይቅርብዎ፤ ደብዳቤው ቢያዝስ?» ይላሉ። ይጻፉት ብያለሁ።

እግዚአብሔር በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፤ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። ልልክልሽ ያልከው ነጠላ ይቆይ። ጣሊያን እንጨቶቹን ከቅጥሩ አውጥቶ እንደገና አቁሟቸዋል፤ የአባትህ መጥረቢያ ደግሞ ደንዟል። ልጄ፣ ካላስቸገርኩህ አንድ ሞረድ ላክልኝ።

እናትህ አልጣሽ