አባትሽ ለጅረቱ የተናገረው

ለምወድሽ ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው የሚያስቸግረን።

ማዘጋጃ ቤቱ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ጅረት ደፍኖ መጋዘን ሊሠራበት አስቦ፣ ነዋሪውን ለውይይት ጠራ። አባትሽ አልቀርም ብሎ ሄደ። ኮቱ ስለሰፋው በመርፌ አጠበብኩለት። መንገድ ላይ ደጋግመን አረፍን፤ ፀሐዩ ከርሮ ነው።

ተራው ሲደርስ ጎረቤታችን አናጢው ደግፎ አስነሳው።

“አባባ፣ ተቀምጠው ይናገሩ” አለው የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ።

“ቆሜ ነው የምናገረው። ልጆቼ ዋና የተማሩት እዚያ ነው። ለእኔስ ግድ የለም፤ የልጅ ልጆቼ የት ይማሩ?”

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በመጨረሻም መጋዘኑ ሌላ ቦታ ይፈለግለት ተባለ። አባትሽ እቤት እስኪገባ ፈገግ እንዳለ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተኝቶ እያረፈ ነው።

አንቺ ግን ፈቃድ ካገኘሽ በዓሉን አትጠብቂ፤ ጅረቱ የሚያምረው አሁን ሞልቶ ሳለ ነው።

መንገድሽን ያቅናልሽ።

እናትሽ